ድንክዬ ዳገት ስትወጣ

ቆራሌው ግቢያችን የገባው አሮጌ ቆርቆሮ ሊገዛ ነበር። ቆርቆሮውን እያነሳ እየጣለ ዓይኑን ወደ እንጨት ማስቀመጫው ወረወረና "እማማ፣ ያቺን ሞተር ሳይክልስ አይሸጧትም?" አለኝ። ከከሰል ማዳበሪያዎቹ ጀርባ መሪዋ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። 1 ሺህ 500 ብር ጠራልኝ፤ ፊቴን አየና 2 ሺህ አደረገው።

እውነቱን ለመናገር ልሸጥለት ነበር። ባለቤቴ ካረፈ 12 ዓመት ሆኖታል፤ ሞተር ሳይክሏ ደግሞ እሱ ከማረፉ ብዙ ቀደም ብላ ቆማለች። ዶሮዎች ይሰፍሩባታል፣ ዝናብ ይመታታል፣ እኔም ባየኋት ቁጥር ቅር ይለኛል። "ውሰዳት" ልል አፌን ስከፍት የልጅ ልጄ ከቤት ተንደርድሮ ወጥቶ በቆራሌውና በእንጨቱ መካከል ቆመ። "እማማ፣ ተይ! እኔ አስነሳታለሁ" አለ። ትንፋሹን ሰብሰብ አደረገና ደግሞ "ማስነሳት ብቻ አይደለም፣ ትልቅ ሞተር እገጥምላታለሁ" አለ።

ያን ዕለት ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። በ1973 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመርቄ 38 ዓመት አገልግያለሁ፤ ክትባት ክፍል፣ ማዋለጃ፣ የመጨረሻዎቹን 11 ዓመታት ደግሞ ድንገተኛ ክፍል። የደሴ ሰፈራችን ሰው እስከ ዛሬ "ሲስተር" ነው የሚለኝ። ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሰው ሞተር ሳይክል ሲያይ እንደ ሌላው ሰው አያይም። ሌላው ሰው ፍጥነትና ነፃነት ያያል። እኔ መጀመሪያ የሚታየኝ የባት ቃጠሎ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ስትወርድ እግሯን የጋለ ማርሚታ ላይ ታስጠጋለች። ቀጥሎ የእጅ አንጓ ስብራት ነው፤ የሚወድቅ ሰው ሁሉ መዳፉን ስለሚዘረጋ። ከሰንሰለትና ከጎማ ሽቦ ጋር የተጠማዘዘ ነጠላም አይቻለሁ። ሌሎቹን፣ ራሳቸውን የተመቱትን፣ እዚህ አልዘረዝራቸውም። የቤተሰብ ጋዜጣ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ ስም። በእኛ ቋንቋ ሞተር ሳይክሉም ሞተር ነው፣ ሆዱ ውስጥ ያለውም ሞተር ነው። እንዳይምታታባችሁ ሞተር ሳይክሏን እንደ ቤታችን ልማድ "ድንክዬ" እያልኩ ልቀጥል። ስሟን ያወጣላት የባለቤቴ ጓደኛ ነው። ሆንዳ ዳክስ የምትባል፣ ጎማዋ 10 ኢንች፣ ቁመቷ ከወገብ የማያልፍ፣ ሞተሯ 72 ሲሲ የሆነች ትንሽ ጃፓን ሠራሽ ናት። ከሩቅ ስትታይ ልጅ የሚጫወትባት ትመስላለች። ወንበሯ ግን ረጅም ስለሆነ ሁለት ሰው ትይዛለች፤ እኛን የያዘችንም በዚሁ ወንበር ነው።

ባለቤቴ መምህር ነበር። የገዛት በ1979 ዓ.ም. ነው፤ ከ77ቱ ድርቅ በኋላ በእርዳታ ሥራ ደሴ ከርሞ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር ሰው። እኔ የሌሊት ተረኛ ስሆን ከቤት ሆስፒታል ድረስ የሚያደርሰኝ በእሷ ነበር። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፤ ከተማችን ጦሳ ተራራ ሥር የተለጠፈች ናት፣ ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣ አንድ ዳገት አለ። ድንክዬ ሁለታችንን ይዛ እስከ ግማሹ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ድምጿ ይወፍራል፣ ከዚያ ትቆማለች። እኔ እወርዳለሁ። እሱ በአንደኛ ማርሽ ብቻውን ወጥቶ ከጫፉ ላይ ይጠብቀኛል፤ እኔ ነጭ ልብሴን ሰብስቤ በእግሬ እደርስበታለሁ፣ እንደገና እሳፈራለሁ። ዝናብም ቢሆን፣ እርጉዝም ብሆን እንዲያው ነበር።

ጥፋቱ የድንክዬ ብቻ እንዳልነበረ የተረዳሁት አሁን፣ መካኒኩ ሲያስረዳኝ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ነው። ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። ሰው ከቆላ ወደ ደጋ ሲመጣ መጀመሪያ ያለከልክና በሳምንታት ውስጥ ደሙ ቀይ ሕዋስ ጨምሮ ይለምደዋል። ያቺ ምስኪን ግን የምትጨምረው ደም አልነበራትም።

ባለቤቴ አንድ ምኞት ነበረው። የዚያው ፋብሪካ 90 ሲሲ ሞተር በሁለት ቡሎን ብቻ እሷ ላይ እንደሚገጠም ከሰው ሰምቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ሰው አፈላልጎ አገኘ። ገንዘቡንም በትንሽ በትንሹ አጠራቀመ። "አንቺን ዳገት ላይ ማውረድ ሰለቸኝ" አለኝ። እኔ ደግሞ ቤቱ ያፈሳል፣ ልጃችን ገና ጨቅላ ናት፣ "መጀመሪያ ጣሪያ" አልኩት። አልተከራከረኝም። በገንዘቡ ቆርቆሮ ገዛ። ከዚያ በኋላ ስለ ሞተር አንስቶብኝ አያውቅም፤ እኔም ዳገቱ ላይ ስወርድ ቅሬታ አሰምቼ አላውቅም። ልክ ነበርኩ፤ ዛሬም ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ጣሪያ ነው የምለው። ግን ቆራሌው ያን ዕለት ሲያነሳ ሲጥል የነበረው ቆርቆሮ ያው እሱ ነበር። ራቴን ያስተወኝ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሌላው ምክንያት ልጁ አደራ መሆኑ ነው። እናቱ ልጄ ጅዳ ከሄደች 8 ዓመት ሆኗታል። እሱ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር፤ አሁን 19 ሞልቶት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ይማራል። የራስን ልጅ ማሳደግ አንድ ነገር ነው፤ የልጅን ልጅ፣ ያውም እናቱ በሌለችበት፣ ማሳደግ ሌላ ነው። የራሴ ልጅ ጉልበቷ ሲላጥ ቁስሉን አጥቤ ገሥጬ እልካት ነበር። የእሱ ጉልበት ሲላጥ ግን ዓርብ ማታ በኢሞ ለእናቱ የምለውን ነው መጀመሪያ የማስበው።

ሦስት ቀን "አይሆንም" አልኩ። በአራተኛው ቀን ልጁ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና፣ "እማማ፣ ለደም ግፊትሽ በየወሩ በባጃጅ ነው የምትሄጂው። እኔ ልወስድሽ ፈልጌ ነው። በአሮጌው ሞተር ደግሞ ሁለታችንን ይዛ ያን ዳገት አትወጣም" አለኝ። ስለዚያ ዳገት ነግሬው አላውቅም። ከየት አመጣኸው ብዬ ልጠይቀው ፈልጌ ተውኩት። ዳገቱን ደሴ ውስጥ የማያውቀው የለም፣ ልጁም በገዛ ዓይኑ ለክቶት ነው።

ከከሰሉ ጀርባ ስናወጣት ለሁለት ሰዓት ያህል አጠብናት። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ከተማውን ለቀን ስንሸሽና ስንመለስ ቤታችን ባዶ ሆኖ ነበር፤ ቴሌቪዥኑ፣ ምጣዱ፣ የእኔ የደም ግፊት መለኪያ ሳይቀር። ድንክዬ ግን አልተነካችም። የማትነሳ ሞተር ሳይክል ማን ይፈልጋል? እንዲህም ሆኖ መዳን አለ።

መካኒኩ 40 ዓመት የሞላው፣ እጁ ከግራሶ የማይለይ ዝምተኛ ሰው ነው። ገና ሲያየኝ የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ ክንዱን አሳየኝና "ሲስተር፣ ይቺን ጠባሳ የተዉልኝ እርስዎ ነዎት" አለኝ። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳ ናት። እናቱን አስታወስኳት፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ መከራከር ለሁለታችንም ከበደን።

አሮጌውን ሞተር ፈታው። የፒስተኑ ቀለበቶች ተጣብቀዋል፣ ሲሊንደሩ ተጫጭሯል። "ይድናል" አለ። ሲሊንደሩን አዲስ አበባ ልኮ በቶርኖ ማስፋት፣ ልኩ የሆነ ፒስተን መፈለግ። ጊዜ ይወስዳል፣ ገንዘብም ይበላል፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ያቺው ዳገት ላይ የምታቆመኝ 72 ሲሲ ናት። ሌላው መንገድ ቀላል ነው። ቻይናዎች ያንን የጃፓን ሞተር አስመስለው በብዛት ስለሚሠሩ፣ የ110 ሲሲው ሞተር ከሻንሲው ጋር የሚያያዝባቸው ሁለት ቡሎኖች ቦታቸው አንድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከተጋጨ ሞተር ሳይክል የወጣ፣ ወረቀት ያለው አንድ አገኘ። ልጁ 150 ነበር የፈለገው። መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ፤ እሱ ቆሞ የሚቀመጥ ሞተር ነው፣ ሻንሲውን ቆርጦ መበየድ ይጠይቃል። ይህችን ስስ ሻንሲ ደግሞ ቆርጦ መበየድ ያለዚያ ጤነኛ የሆነ አጥንት ሰብሮ እንደ መጠገን ነው አልኩና እኔም አገዝኩት። 125 ሲሲ የሚባልም አለ፣ በእጅ የሚያዝ ፍሪሲዮን ያለው። 110 ላይ ተስማማን፤ ማርሹ እንደ አሮጌው ያለ ፍሪሲዮን መያዣ በእግር ብቻ ይገባል፤ ልጁም እጁ የሚያስበው ፍሬን ብቻ ይሆናል።

ዕድሜ ልኬን የሰውን የሰውነት ክፍል ስቆጥር ኖሬ አንድ ነገር አስደነቀኝ። የድንክዬ የእግር ማሳረፊያ ከሻንሲው ጋር አይደለም የተያያዘው። ከሞተሩ ሆድ ሥር በአራት ቡሎን ነው። ማለት አሽከርካሪው የሚረግጠው ሞተሩን ነው። ከአራቱ ሁለቱ ቡሎኖች በዝገት ተበልተው ክር አልቀረላቸውም። ባለቤቴ በዚያ ላይ ቆሞ ስንት ጊዜ ጉድጓድ እንዳለፈ ሳስብ እግሬ ራደ።

የእኔ ውል ግልጽ ነበር። መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዚያ ጎማና ኩሽኔታ፣ ከዚያ መብራት፣ ሞተሩ መጨረሻ። መካኒኩም እሺ አለ። ልጁ ግን ሞተሩን በዓይኑ ካየ በኋላ እንቅልፍ አልነበረውም። "ልኩን ብቻ እንየው" ብሎ መካኒኩን አሳመነውና ገጠሙት። ገጥመው ሊተዉት? ቤንዚን አደረጉበት። መርገጫውን ሲረግጠው በሁለተኛው ተነሳ። እኔ ወጥ ቤት ነበርኩ፤ ድምፁን ሰማሁ። የድንክዬ ድምፅ አልነበረም። የእሷ ቀጭን፣ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ቶሎ ቶሎ የሚል ነበር። ይኼኛው ወፈር ያለ ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ዓይኔን የጠረግኩበትን ምክንያት ማንም አልጠየቀኝም።

በዚያው ሳምንት አንድ ማታ፣ እኔ ለቅሶ ቤት ሳለሁ፣ ልጁ ድንክዬን አወጣት። የኋላው ፍሬን ሸራ ገና አልተለጠፈም፣ የፊቱ ካቦ ያው የድሮው ነው። ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን ሲጨብጥ ካቦው ከመያዣው ሥር፣ ዝገት ከበላው ቦታ፣ ተበጠሰ። ደግነቱ ሰው ቤት ሊሠራበት ያከማቸው አሸዋ ነበር፤ እዚያ ላይ ገባ። ሲያመጡልኝ ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ሸሚዙን አርሶታል፣ መዳፎቹ ተልጠዋል። ሄልሜቱስ? ክንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ክርኑ አንዲት ጭረት የለበትም!

መብራት አብርቼ ዓይኑን አየሁ፣ ስሙን፣ ቀኑን፣ የት እንዳለ ጠየቅኩት፤ አስታወከህ ወይ አልኩት። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ተጭኜ ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የሰፋችው ነርስ ድሮ ተለማማጅ ሆና እኔ ሥር የነበረች ልጅ ናት። ሦስት ስፌት። እያንዳንዱን ከሷ ጋር ቆጠርኩ። ለልጁ አንዲት ቃል አልተናገርኩትም፤ እሱም ከቁስሉ ይልቅ ዝምታዬ ነበር ያሳመመው መሰለኝ። ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ ቀሰቀስኩት። (ራሱን የተመታ ሰው ቤታችሁ ቢኖርና ደጋግሞ ካስታወከ፣ የራስ ምታቱ ከጨመረ፣ ከተወናበደ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ ንጋትን አትጠብቁ፤ ሆስፒታል ውሰዱት።)

ዓርብ እናቱ ደወለች። ልጁ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ደፍቶ አናገራት። እኔም ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው በኩራት አይደለም። በሚቀጥለው ዓርብ እሱን ወደ ሱቅ ልኬ ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን አየሁ፤ አለች። ከዚያ "እማዬ፣ ሽጪያት። ዛሬውኑ ለቆራሌው ስጪያት" አለችኝ።

ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በ2 ሺህ ብር ልሸጣት የነበርኩት ሰው "አልሸጥም" አልኩ። ራሴም ገረመኝ። ግን አሥራ አንድ ዓመት የቆምኩበት ክፍል ያስተማረኝ አንድ ነገር ነበር። እዚያ ከመጡልኝ ልጆች ብዙዎቹ የወደቁት ከራሳቸው ሞተር አልነበረም። ቤተሰብ የከለከላቸው ልጆች በጓደኛ ሞተር፣ በተዋሱት፣ ፍሬኑን በማያውቁት ነበር የሚወድቁት። "ልጄ፣ ድንክዬን ብሸጣት ሌላ ላይ ይቀመጣል፤ የዚያን ፍሬን እኔ አላየውም። የዚህችን አየዋለሁ" አልኳት። እሷም አለቀሰች፣ እኔም ተከተልኳት። ከዚያ ድንገት "ከአባዬ ፊት ቆሜ መሪዋን ስይዝ ትዝ ይለኛል። ሽታዋ ራሱ ይሸተኛል" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ መሸጥ አላነሳችም። ከወር በኋላ ከጅዳ የመጣች የሰፈራችን ልጅ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ አገጭ ድረስ የሚሸፍን ሄልሜት መጣ። በልኩ የተገኘና አገጭ ሥር በደንብ የታሰረ ሄልሜት የሞት አደጋን በ40 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ሥራ ላይ ሳለሁ ለስንት ሰው አስተምሬያለሁ። ክንድ ላይ ሲንጠለጠል ስንት እንደሚቀንስ ግን ያጠና የለም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በእኔ ቅደም ተከተል ሄደ። የሁለቱም ጎማ ፍሬን ሸራ አዲስ ተለጠፈ። የፊቱ ካቦ ተቀየረ፤ የኋላው በዘንግ ስለሚሠራ ዘንጉ ተቃንቶ መያዣው ታደሰ። ኩሽኔታዎቹ ወጥተው በአዲስ ተተኩ። ለጎማው ልጁ የባጃጅ ጎማ ይዞ መጥቶ ነበር፤ 8 ኢንች ሆኖ ቸርኬው ላይ አልገባም፣ የ10 ኢንቹን ከአዲስ አበባ አስመጣን። የእግር ማሳረፊያው በአራት አዲስ ቡሎን ታሰረ፤ አራቱንም እኔ ራሴ በቁልፍ ሞከርኳቸው። ሰንሰለቱ ላይ ሽፋን ይደረግ ስል መካኒኩ "ሲስተር፣ ይከብዳታል" አለኝ። የነጠላዬን ጫፍ አንስቼ አሳየሁት። ሽፋኑ ተደረገ።

መብራቱ የልጁ ድርሻ ነበር፤ ኤሌክትሪክ እየተማረ አይደል? ድንክዬ የጥንት ስለሆነች መብራቷ በ6 ቮልት ነው የሚሠራው፤ አዲሱ ሞተር የሚያመነጨው ግን ለ12 ቮልት ነው። መጀመሪያ እንዳለ አገናኝቶት አምፖሎቹ አንድ ጊዜ ቦግ ብለው ተቃጠሉ። ፊቱን ብታዩት! ከዚያ ወረቀት አውጥቶ ሽቦውን ሁሉ ሥሎ፣ መቆጣጠሪያ ጨምሮ፣ አምፖሎቹን በ12 ቀይሮ እንደገና ዘረጋው። ኮሌጅ ውስጥ ሲማረው ያልገባው ነገር ያን ጊዜ እንደገባው ራሱ ነገረኝ።

ሞተሩም ደሴ ስትደርስ እንደ ሰው አስቸገረ። ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገት ላይ ያንቃል። መካኒኩ ካንዴላውን ፈትቶ አሳየኝ፤ በጥላሸት ጠቁሯል። የመጣበት ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው፤ ሐረጎን ዞረህ ስትወጣ ግን ወደ 600 ሜትር ከፍ ትላለህ። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ማሳለፊያ ሽንቁሯ በጠበበች ሌላ ቀየራት፤ ካንዴላው የደረቀ ቡና ቅርፊት መልክ ያዘ። የሚፈለገው እሱ ነው አለኝ። እኛም የሰውን ምላስ አይተን እንዲሁ እንል ነበር።

ከሁሉም በፊት ግን አንድ ፈተና አስፈተንኩት። እሑድ ጧት ሰው የሌለበት ሜዳ ላይ ሄድን። በኖራ መስመር አሠመርን። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መጥቶ መስመሩ ላይ ሲደርስ በሁለቱም ፍሬን እንዲቆም አደረግኩት። የነፍሰ ጡር ሆድ እለካበት የነበረው አንድ ሜትር ተኩል የማይሞላ ሜትሬ አለችኝ፤ በእሷ እየቀጣጠልን ለካን፤ ከ3 ሜትር ጥቂት አለፈ። ቀጥሎ በ40 ና አልኩት። "ስንት ላይ የምትቆም ይመስልሃል?" ስለው "ፍጥነቱ እጥፍ ስለሆነ 6 ወይ 7 ሜትር" አለኝ። 13 ሜትር ሆነ። ሁለተኛ ሞከረ፣ ያው 13። ሜትሬን ከእጄ ወስዶ ራሱ ለካ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ግን መሬት ላይ ተንበርክኮ አልለካውም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ እየነዳት ሳይሆን እየገፋት ነው የመጣው። እኔ አላልኩትም።

ሊብሬው ላይ የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ስለሚጻፍ የአዲሱን ሞተር ወረቀት ይዘን መመላለሱ ሦስት ሳምንት ወሰደ። ስለ መመላለሱ ምንም አልልም፤ የተመላለሰ ያውቀዋል።

አሮጌው ሞተር አለ። መካኒኩ መልሶ ከገጣጠመው በኋላ በዘይት የራሰ ጨርቅ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። ቆራሌው ባለፈው ወር እንደገና መጥቶ "ያስወጣችሁትስ ሞተር?" አለ። አንዳንድ ሰው የማይጠፋበት ነገር የለም። አልሰጠሁትም። ልጁ ደግሞ ትምህርቱን ሲጨርስ ሲሊንደሩን አስፍቼ አስነሳዋለሁ ይላል። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

የክትትል ቀኔ ማክሰኞ ነበር። ልጁ የእናቱን ሄልሜት አጠለቀ፣ አገጩ ሥር አሰረው፣ ጎተት አድርጎ አሳየኝ። ለእኔም አንድ ገዝቶልኝ ኖሯል፤ ሻሼን አስፈትቶ ገጠመልኝ። ሲስተር ሄልሜት አድርጋ ስትወጣ ሰፈሩ በር ላይ ወጥቶ አየ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጠበቅ አድርጌ አስሬ፣ አንድ እግሬን ወዲህ አንዱን ወዲያ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ እንደ ድሮው ወደ ጎን አይደለም።

ዳገቱ ጀመረ። ማርሽ ቀነሰ። ያቺ ቦታ ላይ፣ ግራ በኩል የድንጋይ አጥር ካለበት፣ ድምጿ ሲወፍር ሰማሁና ሳላስበው አንድ እግሬን ከማሳረፊያው አነሳሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎት እግሬ አልረሳም ነበር። ድንክዬ ግን አልቆመችም። አጥሩን አለፍነው። በእግሬ ስወጣ አንድ ባንድ የማውቃቸው ድንጋዮች እየተከታተሉ ወደ ኋላ ሄዱ።

ጫፉ ላይ፣ ባለቤቴ ቆሞ ይጠብቀኝ ከነበረበት ስንደርስ ልጁ አንገቱን ዘወር አድርጎ "እማማ፣ ዝም አልሽ፤ ምን ሆንሽ?" አለኝ።

"ወደ ፊትህ እይ" አልኩት። "ቁልቁለቱ መጣ፤ ፍሬኑን ሞክረው።"